ጭስ የማያበዛ የእንጨት ምድጃ እንዴት ይመረጣል?

የእናቴ ማድቤት ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል ጥቁር ነበር። ክረምት ሲመጣ ጥላሸቱ እርጥበት ይጠጣና እንደ ሬንጅ ጠብ ይላል። ጠብታው ነጠላ ላይ ካረፈ አለቀ፤ በምንም ሳሙና አይለቅም። እኛ የምንበሳጨው ለነጠላው ነበር። ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈው ነገር ደረታችን ውስጥም እንደሚለጠፍ ማን አስቦ።

ከዓመታት በኋላ «ማገዶ ቆጣቢ» የተባለ የብረት ምድጃ ገዛሁላት። እውነትም ማገዶ ቆጠበ። ጭሱ ግን ባሰበት። አፉ ጠባብ ነው፣ ከሥሩ አየር አያስገባም፣ ድስቱ እሳቱ ላይ ተደፍቶ ነው የሚቀመጠው። እንጨቱ በመንደድ ፈንታ ሲጨስ ይውላል። እናቴ ሁለት ሳምንት ታገሠችና ወደ ሦስቱ ድንጋዮቿ ተመለሰች። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብላም ተረተችብኝ።

ያን ቀን የገባኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ማገዶ የሚቆጥብ ሁሉ ጭስ አይቀንስም። ሻጩ የሚነግራችሁ ስለ ማገዶው ነው፤ ኪስ ስለሚነካ ይሸጣል። ስለ ጭሱ መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው። እንዴት እንደሚጠየቅ፣ እንዴት እንደሚፈተሽ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አለ።

መጀመሪያ ጭሱን እንወቀው

ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። እንጨት ሲሞቅ ጋዝ ይተፋል። ነበልባል ብለን የምናየው ያ ጋዝ ሲነድ ነው። አየር ካጠረው ወይም ሳይነድ ከቀዘቀዘ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቀዝቃዛ ድስት ነበልባሉ መሐል ሲጣድም ያው ነው፤ የድስት ቂጥ የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጥሩ ምድጃ እሳቱን ትኩስ አድርጎ ይይዛል፣ ከሥር አየር ይሰጠዋል፣ ነበልባሉም ድስቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ነዶ የሚጨርስበት ቁመት አለው። የኔ የብረት ምድጃ ሦስቱንም አልነበረውም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙቀቱን ወደ ድስቱ ማስጠጋት። ማገዶ የቆጠበው በዚያ ነበር፤ ጭሱን ያባሰውም እሱው ነው።

ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ቢያንስ ይታወቃል። የባሱት ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆኑት ብናኞች ናቸው። ከአንድ ፀጉር ውፍረት ወደ 30 ጊዜ ያንሳሉ፣ እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶ ጭስ ሳቢያ እንደሞተ ይገምታል። ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እናቱ ስትጋግር ጀርባዋ ላይ ታዝሎ የሚያንቀላፋውን ልጅ አስቡት። አፍንጫው ከእሷ አፍንጫ አንድ ስንዝር ነው የሚርቀው።

1. አንድ ሳምንት ማገዶውን መዝኑ

ለመግዛት አትቸኩሉ። ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋሱ። ጠዋት የቀኑን እንጨት መዝናችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ማታ የተረፈውን መዝናችሁ ቀንሱ። እንጀራ የተጋገረበትን ቀንና ወጥ ብቻ የተሠራበትን ቀን ለይታችሁ ጻፉ። የልጅ ደብተር ጀርባ ይበቃል።

የእንጀራ እሳትና የወጥ እሳት አይገናኙም። እንጀራ ሰፊ እሳት ይፈልጋል፤ 60 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነው ምጣድ ከዳር እስከ ዳር እኩል መጋል አለበት። ዳሩ ከቀዘቀዘ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይለጠፋል። ወጥ ደግሞ ጠበብ ያለ፣ ለዘብ የሚል፣ ረዥም ሰዓት የሚቆይ እሳት ነው የሚወደው። ሁለቱን እኩል አሳምሮ የሚሠራ አንድ ምድጃ ማግኘት ይከብዳል።

ገንዘባችሁ ለአንድ ምድጃ ብቻ ከሆነ ደብተሩ ይፍረድ። በአብዛኛው ቤት ማገዶውን የሚበላው እንጀራ ስለሆነ የጋገራው ምድጃ ይቀድማል። በሳምንት አንዴ ጋግራችሁ በየቀኑ ወጥ፣ ሽሮ፣ ቡና ከሆነ ሥራችሁ ግን ስሌቱ ይገለበጣል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል። አስተማማኝ መብራት ያለው ሰው እንጀራውን በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግር። ማድቤት ውስጥ ጭስ ባለማውጣት እሱን የሚያህል የእንጨት ምድጃ የለም። የምጽፈው መብራት ላልገባለት፣ ቆጣሪው ምጣድ ለማይችልለት፣ ወይም ልክ ሊጡ ሲደርስ መብራት ለሚጠፋበት ቤት ነው።

2. ማድቤቱን በዕጣን ፈትሹ

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር።

ምድጃው ሊቀመጥ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ በገል ፍም አድርጉና ዕጣን ጣል አድርጉበት። ከዚያ የሚጋግረው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጡና ጭሱን በዓይናችሁ ተከተሉት። ወደ በሩ ይሄዳል? ጣሪያው ላይ ተጠራቅሞ ይመለሳል? ወይስ ቀጥ ብሎ ወደ ፊታችሁ ይመጣል? መስኮቱን ክፈቱና ድገሙት። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚለያይ ሁለቴ ሞክሩት።

የእናቴ ማድቤት አንድ በር ብቻ ነበረው፣ መቀመጫዋ ደግሞ በበሩና በእሳቱ መሐል። ጭሱ መውጫ ፍለጋ በእሷ ላይ አልፎ ነበር የሚሄደው። ምድጃውን ወደ ማዶው ግድግዳ አዛወርንና ከጣሪያው ሥር ሁለት ክንድ ያህል ቀዳዳ ከፈትን። አናጢ ግማሽ ቀን ሠራ። ሌላ ወጪ የለውም፣ ለውጡ ግን በዚያው ዕለት ታየ።

ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ መውጫው ከላይ፣ ንጹሕ አየር መግቢያው ከታች ይሁን። አንዱ ብቻ ካለ አየሩ አይንቀሳቀስም። የተከራያችሁት ቤት ከሆነና ግድግዳ መንካት ካልተፈቀደ ቢያንስ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ሥር መጋገርን አስቡበት።

3. የእንጀራውን ምድጃ ምረጡ

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆያለን፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

አገራችን ውስጥ በስፋት የሚታወቀው «ምርጥ» የሚባለው ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አገር ውስጥ የተነደፈ ነው። ሲሚንቶ ከፑሚስ፣ ማለትም ከዚያ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ወይም ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በቅርጽ ይወጣል። አራት ቁርጥራጮች ተገጣጥመው ምጣዱን እንደ ቀለበት ይከቡታል። ከኋላ ሁለት ቁርጥራጮች ተጨምረው ድስት ወይም ጀበና የሚጣድበት ቦታ ይሠራሉ። ከምጣዱ ሥር ያለፈው ትኩስ ጋዝ በዚያ በኩል ይወጣል። እንጀራው ሲጋገር ከኋላ ውሃ ይፈላል። ጉልቻ ላይ በየአቅጣጫው ይባክን የነበረው ሙቀት ተከቦ ስለሚያዝ ከማገዶው እስከ ግማሽ ይቆጥባል ነው የሚባለው።

ጭሱስ? ይቀንሳል፤ አይጠፋም። የተለመደው ምርጥ ጭስ ማውጫ የለውም፤ የሚያጨሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ልዩነቱ ጭሱ በአንድ በኩል መውጣቱ ነው። ይህን ተጠቀሙበት። የኋላው ቀዳዳ ወደ መስኮቱ ወይም ከጣሪያ ሥር ወደ ከፈታችሁት ቀዳዳ ይዙር። የእንጨት ማስገቢያው ወደ ጋጋሪዋ። ብዙ ቤት ገብቼ ምድጃው ተገልብጦ ተቀምጦ አይቻለሁ፤ ኋላው ወደ ሰው፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ። እንዲህ ከሆነ ያው ጉልቻ ነው።

የግድግዳው ውፍረትም ይታሰብበት። ወፍራም ግድግዳ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ከሞቀ በኋላ ግን ሙቀት ይይዛል። በአንድ ጊዜ 25 እና 30 እንጀራ ለሚጋግር ቤት ይመቻል። 6 ወይም 7 እንጀራ ለሚበቃው ትንሽ ቤተሰብ ግን ግድግዳውን ለማሞቅ የነደደው እንጨት ከንቱ ይቀራል። ከጊዜ በኋላ ግድግዳው የሳሳ ዓይነትም መጥቷል፤ ለትንሽ ቤት እሱን ጠይቁ።

«ጎንዜ» የሚባል የሸክላ ምድጃም አለ። መጋገርም ማብሰልም ይቻልበታል፣ ከሲሚንቶውም ይቀላል። ቤት ለሚቀያይር ሰው ጥሩ ነው። ሸክላ በመሆኑ ግን ሲያነሡት ሲጥሉት ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጭሱ በስንጥቁ ይወጣል።

በጭቃ የሚሠራ ዝግ የመጋገሪያ ምድጃ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ትግራይ ውስጥ መጎጎ ይሉታል። ጥሩ እጅ ያላት ሴት በአፈር፣ በጭድና በውሃ ታቆመዋለች። ገንዘብ ከሌለ ይህን አትናቁት። ጭስ ማውጫ ከተጨመረበት፣ ጭስ ማውጫ ከሌለው የተገዛ ምድጃ ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ጭስ ማውጫው ካነሣን፣ በኔ ግምት የማድቤት ጭስን ለመቀነስ ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ እሱ ነው። የራሱ ጣጣ ግን አለው። አየር አብዝቶ ከሳበ ሙቀቱንም ይዞት ይሄዳል፤ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ ማገዶ ይጨምራል። ለዚህ ነው ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ላይ ከቧንቧው ሥር የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን መኖሩን ማየት ያለባችሁ። እሳቱ ሲያያዝ ይከፈታል፣ ከጋለ በኋላ ገርበብ ይላል። ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ከሆነ ግን አደገኛ ነው፤ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። ቧንቧው ከጣሪያው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፣ ዝናብ እንዳይገባው ባርኔጣ ይኑረው። የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ብረቱ ሣሩን መንካት የለበትም። ያንን በደንብ የሚያውቅ ሠሪ ካላገኛችሁ ቧንቧውን በጣሪያው ሳይሆን በግድግዳው በኩል አውጡት፤ እሱም ቢሆን ከክፈፉ ሣር መራቅ አለበት።

4. የወጡን ምድጃ ምረጡ

እዚህ የምትፈልጉት ውስጡ እንደ ክርን የታጠፈ ምድጃ ነው። እንጨቱ በጎን ይገባል፣ ነበልባሉ ታጥፎ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሐሳቡ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ላሪ ዊኒያርስኪ የተባለ አሜሪካዊ የቀመረው ነው፤ «ሮኬት» ይሉታል። ከውስጥ ሸክላ፣ ከውጭ ቆርቆሮ የለበሰው «ትክክል» የሚባለው ምድጃ የዚህ ቤተሰብ ነው።

ለምን ጭሱ ያንሳል? ቁመት ያለው ጠባብ መውጫ ነበልባሉን ይስበዋል። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ጋዙ ሳይቀዘቅዝ ይነድዳል። እንጨቱ መደርደሪያ ላይ ስለሚያርፍ አየር ከሥሩ ይገባል። መደርደሪያዋ ትንሽ ቆርቆሮ ናት፤ ጠፍታ ወይም ተጣጥፋ ከሆነ ምድጃው ግማሽ ሥራውን አይሠራም። ስትገዙ መጀመሪያ እሷን ፈልጉ።

ይህ ምድጃ ጠባይ አለው። አውራ ጣት የሚያህል ቀጭን፣ ደረቅ ፍልጥ ነው የሚወደው። ሁለት ሦስት ብቻ አስገብታችሁ ጫፋቸው ሲነድ ገፋ ገፋ ማድረግ ነው። አፉን በእንጨት ከጠቀጠቃችሁት አየሩን ዘጋችሁት ማለት ነው፤ እንደ ጀበና አፍንጫ ማጨስ ይጀምራል። ቤታችሁ ውስጥ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ከሌለ፣ ወይም ማገዶአችሁ ኩበትና ቅጠል ከሆነ ይህን ምድጃ አትግዙ። ትማረራላችሁ።

በድስቱ ዙሪያ የሚቆም የቆርቆሮ ቀሚስ ካለው ጥሩ ነው። በድስቱና በቀሚሱ መሐል ያለው ክፍተት ወደ 1 ሴንቲሜትር ይሁን። ከዚያ ከጠበበ እሳቱ ይታፈናል፣ ከሰፋ ሙቀቱ ይበናል። ስለዚህ ወደ ገበያ ስትሄዱ ብዙ የምትጠቀሙበትን ድስት ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ይስቅባችሁ ይሆናል፤ ይሳቅ።

5. ከሰል አይጨስም ብላችሁ አትዘናጉ

«ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃ ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል፤ ለቡና ጥሩ ነው። ከሰል ስለማይጨስ ግን ንጹሕ ይመስላል። አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ ጉልበት መክዳት ከጀመረ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ነው። በብርድ ሌሊት ፍም ያለበት ምድጃ ክፍል ውስጥ ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል፤ ገድሏልም። ከሰል የሚቀጣጠለው ውጭ ነው፣ ከተያያዘ በኋላም መስኮት ተከፍቶ ነው የሚገባው፣ ማታ ደግሞ ተመልሶ ውጭ ያድራል።

6. ሻጩ ጋ ስትደርሱ

ሻጭ የላብራቶሪ ውጤት አለኝ ካለ ጠይቁ። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ዓለም አቀፍ የምድጃ መለኪያ አለ፤ ከ0 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣል፣ 5 የተሻለው ነው። ቁም ነገሩ ለማገዶ ቁጠባ፣ ለብናኝና ለካርቦን ሞኖክሳይድ የተለያየ ደረጃ መስጠቱ ነው። አንድ ምድጃ በቁጠባ 3 አግኝቶ በብናኝ 1 ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው 3ቱ ብቻ ነው። «በብናኝስ ስንት አገኘ?» በሉት። ደግሞ እንዲህ ዓይነት ፈተና በአብዛኛው የሚሠራው ውሃ በማሞቅ ነው፤ እንጀራ በመጋገር አይደለም።

ወረቀት ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ አይኖርም፣ እጃችሁን ተጠቀሙ። የሲሚንቶውን ቁርጥራጭ በጣት አንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ከሆነ ውስጡ ተሰንጥቋል ወይም ገና አልደረቀም። ጠርዙን በጥፍር ፈግፍጉት፤ አሸዋ ከረገፈ ሲሚንቶ ተሰስቶበታል። መቼ እንደተመረተ ጠይቁ። ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚጨርሰው በሳምንታት ነው፤ ሙሉ ጥንካሬው 28ኛው ቀን ላይ ነው የሚለካው። ትናንት ከቅርጽ የወጣ ምድጃ ነገ እሳት ካየ ይሰነጠቃል።

ከዚያ ቁርጥራጮቹን መሬት ላይ አስገጥሟቸው። ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል፣ ይከብዳሉ። የምጣዳችሁን ስፋት ከቤት ለክታችሁ በገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ገመዱን አፉ ላይ ዘርጉት። ምጣዱ ጠርዙ ላይ በደንብ ማረፍ አለበት፤ በዙሪያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ጭሱ በዚያ በኩል ፊታችሁ ላይ ነው።

7. እሳት ሳታዩ አትክፈሉ

የራሳችሁን እንጨት ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩ እንጨት ሁልጊዜ ደረቅ ነው። የእናንተ ምድጃ የሚሠራው በእናንተ እንጨት ነው።

በጭራሮ አያይዙት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ማንኛውም ምድጃ ያጨሳል፤ በዚያ አትፍረዱ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ግን ዝቅ ብላችሁ በማገዶ ማስገቢያው ወደ ውስጥ እዩ። ነበልባሉ ወደ ውስጥ እየተሳበ ከሆነ አየሩ ይሠራል። እየተመለሰ አፉን የሚልስ ከሆነ መውጫው ጠቧል። የጭሱን ቀለምም እዩ። ወፍራም ነጭ ጭስ እንጨቱ እርጥብ ነው ወይም እሳቱ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ እንጨት በዝቶ አየር አንሷል ማለት ነው። መውጫው ላይ አየሩ እንደ ውሃ ሲንቀጠቀጥ ብቻ የሚታይ ከሆነ እሱን ያዙት።

ሁለት ምድጃ ለማወዳደር ነጭ የሸክላ ሰሃን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱም ከጋሉ በኋላ ሰሃኑን በጉጠት ይዛችሁ ከመውጫው አንድ ክንድ በላይ ለአንድ ደቂቃ ያዙት። ከዚያ በጣት ጥረጉት። ይህ ሳይንስ አይደለም፤ ነጩን ጭስ አይዝላችሁም። የጥላሸቱን ልዩነት ግን ከሻጩ ወሬ በላይ ይነግራችኋል።

አንድ እንጨት ጨምሩ፣ አንድ አውጡ። እሳቱን ለዘብ ስታደርጉት ጭሱ የሚነሣ ከሆነ ይህ ምድጃ ለሽሮ አይሆንም። ሽሮ ሰዓቱን የሚያጠፋው በለዘበ እሳት ነውና።

8. አተካከልና የመጀመሪያው እሳት

መሬቱን አስተካክሉ። የተንጋደደ ምድጃ ሊጡን ወደ አንድ ወገን ያፈሰዋል። ከተቻለ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ይቀመጥ፤ ለወገብም ይበጃል፣ ልጅም እሳቱ ላይ አይወድቅም። መጋጠሚያዎቹን በጭቃና በአመድ ድብልቅ ምረጉ።

የመጀመሪያው ቀን ለእንጀራ አይደለም። ትንሽ እሳት አንድ ሰዓት፣ ማግሥቱ ትንሽ ጨምሩ። ምድጃውም እንደ ምጣድ መሟሸት አለበት። አዲስ ምጣድም ከሆነ ጎመንዘሩን አዘጋጁና አብራችሁ አሟሹት።

9. እንጨቱ

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 10 ኪሎ እርጥብ ባሕር ዛፍ ስታነዱ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ እሳቱ ላይ እንደ ማፍሰስ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን አለበት፤ እስከዚያ ያጨሳል። ከዚህ ዓይነት እንጨት ጋር የትኛውም ምድጃ ደህና አይሆንም።

ፍለጡት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፣ ከላይ ይሸፈን፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ይሁን። ውሃው ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው ለማንደድ የሚደርሰው። ማወቂያው ቀላል ነው። አንድ ፍልጥ ላይ ምልክት አድርጉና በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ካቆመ ደርሷል። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ «ቋ» የሚል ከሆነም ጥሩ ምልክት ነው። የክረምቱን እንጨት በበጋው መደርደር ያስፈልጋል፤ ሐምሌ ላይ ማሰብ ረፍዷል።

እሳት በፌስታል አታያይዙ። ሁላችንም አድርገነዋል፣ አውቃለሁ። የሚነድ ፕላስቲክና ጎማ የሚያወጣው ጭስ ከእንጨቱ የከፋ ነው። ቀለም የተቀባ ጣውላም እንደዚሁ።

10. ከወር በኋላ እንደገና መዝኑ

ያን የመጀመሪያውን ደብተር አውጡና ሳምንቱን ድገሙት። ማገዶው ካልቀነሰ አመዱን እዩ፤ ተከምሮ አየሩን ዘግቶ ይሆናል። አመድ ከእያንዳንዱ ጋገራ በፊት ይወጣል። ማገዶው ቀንሶ ጭሱ ካልቀነሰ መጋጠሚያዎቹን፣ የምጣዱን ዙሪያና እንጨቱን ፈትሹ። ጭስ ማውጫ ካለ በየወሩ ጥላሸቱን አራግፉ፤ የተጠራቀመ ጥላሸት ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ማላዊ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2016 ወጣ። ንጹሕ የሚባል ምድጃ የተሰጣቸው ቤቶች ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ አልቀነሰም። ልጅ ጭስ የሚያገኘው ከአንድ ምድጃ ብቻ አይደለም፤ ቆሻሻ ሲቃጠል፣ ጎረቤት ሲያነድ፣ አሮጌው እሳት ከአዲሱ ጎን ሲቀጥል ይተነፍሳል። ስለዚህ ሕፃኑ ጋገራ ሲጀመር ከማድቤት ይውጣ። አዲስ ምድጃ ገዛን ብላችሁ ይህን አትተዉ።

እናቴ ዛሬ የምትጋግረው ጭስ ማውጫ ባለው ምድጃ ነው። ሦስቱን ድንጋዮች ጣይ ብያት ነበር። እምቢ አለች፤ ልክ ነበረች። የፋሲካ ዶሮ የሚሠራበት ትልቁ ድስት የትኛውም አነስተኛ ምድጃ ላይ አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም ይገለበጣል። ጉልቻው አሁን ጓሮ፣ ከግድግዳው አምስት እርምጃ ርቆ፣ ሰማይ ሥር ነው። በዓል ሲመጣ ይነድዳል። በቀረው ጊዜ ዶሮዎቹ ይወጡበታል።